የማን ክንድ ነበር?

አንዲት ሴት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ተቀምጣ ወንዶች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ታይ ነበር። ዘመኑ ድርቅ ነው። ኩሬው ነጥፏል። ከወረዳ የሚላከው የውሃ ቦቴ ሲመጣ ይመጣል፥ ሲቀር ይቀራል። የሴትዮዋ ከንፈር በጥም ተሰነጣጥቋል። ጸሎቷ ግን ስለ ጥሟ አልነበረም። «አምላኬ፥ የአባቴን ቃል ሐሰት አታድርገው» ትል ነበር።

ለምን እንዲህ ብላ ጸለየች? ስሙኝማ፥ ወገኖቼ።

ሴትዮዋ ወይዘሮ እታለም ትባላለች። ድንጋይ በር በምትባል ቆላማ መንደር ተወልዳ፥ እዚያው ተድራ፥ እዚያው ባሏን የቀበረች ሰው ናት። አባቷ አቶ መርዕድ የመንደሩ የውሃ ጉድጓድ ጠባቂ ነበሩ። ያንን ጉድጓድ የፈለፈሉት የአቶ መርዕድ አባት ናቸው። ድንጋይ በር ስሟም እንደሚነግራችሁ ከአፈሯ ሥር ያለው ጥቁር አለት ነው። ያ አለት በአንድ ቦታ ብቻ ስንጥቅ ነበረው። እሳቸውም ስንጥቁን ተከትለው ወርደው ውሃ አገኙ።

ከዚያ ቦኖ ገባ። ሕዝቡ ቧንቧ ከፍቶ መቅዳት ለመደ። ጉድጓዱን የሚፈልገው ጠፋ። ከብት እንዳይገባበት፥ ሕፃን እንዳይወድቅበት ብለው አቶ መርዕድ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደኑትና አፈር መለሱበት። ዓመታት አለፉ። ደራሽ ጎርፍ መጣ፥ ደለሉን አለበሰው፥ ማሳ ሆነ። ያ ጉድጓድ ወዴት እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው አንድ በአንድ ወደ መቃብር ወረደ።

አቶ መርዕድ ሊሞቱ ሲሉ ከአጠገባቸው የነበረችው እታለም ብቻ ናት። ጠሯትና እንዲህ አሏት፦ «ውሃው አልሞተም፤ ተኝቷል። የጠማችሁ ቀን ከሥላሴ ቅጥር የማዕዘን ድንጋይ ተነሡ፤ ዓይናችሁን ከንብ አምባ ጫፍ ሳትነቅሉ ስልሳ ክንድ ለኩ። እዚያ ነው።»

የጠማቸው ቀን መጣ። የቦኖው ምንጭ ደረቀ፥ ቧንቧው አየር ብቻ መትፋት ጀመረ። ያኔ እታለም ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዳ የአባቷን ቃል ተናገረች። ሽማግሌዎቹም ከወረዳ የመጣውን የውሃ ባለሙያ፥ ናትናኤል የሚባለውን ወጣት፥ ጠሩት።

ይህ ልጅ መልካም ልጅ ነው። ሌላ ቢሆን ተረት ነው ብሎ ስቆ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አዳመጣት፥ የሞቱትን ሰው ቃል በአክብሮት ተቀበለ። በትምህርቱ አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ስልሳ ክንድ ሠላሳ ሜትር ይሆናል። ከማዕዘኑ ድንጋይ ሜትሩን ዘረጋ፥ የንብ አምባን ተራራ ጫፍ አየ፥ ችካል ተከለ። ቁፋሮው ተጀመረ።

ያ ነበር እታለም ተቀምጣ የምታየው። ደለሉ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ነው። ውሃ ጠጥቶ ያላደረ ሰው ያን ያህል አፈር ማውጣት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በመጨረሻ ድጅኖው ጮኸ። ሥር ያለው አለት ነበር፥ ስንጥቅ የሌለው ድፍን ጥቁር አለት።

እታለም ተነሥታ በራሴ ክንድ ልለካው አለች። ክንድ የተባለው ክንድ እንጂ ሜትር አይደለም ብላ ተከራከረች። እሺ አሏት። ተንበርክካ በክንዷ ስልሳ ለካች። የእሷ ልክ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተጠግቶ ዐረፈ። እዚያም ቆፈሩ። እዚያም አለት። ይባስ ብሎ የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ የአንድ አባወራ እግር ሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት ሚስቱ በእታለም ፊት አለፈች። አንድ ቃል አልተናገረቻትም። ብትናገራት ይሻላት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዶማ የሚያነሣ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቁርጡን ተናገሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ከብቱንና ልጁን ይዞ ወደ ከተማው ይውጣ ተባለ። የደብሩ ቄስ መምሬ አፈወርቅ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ በእጃቸው እያገላበጡ፥ «ታቦቱንስ ለማን ትቼ ልውጣ?» ብለው ጠየቁ።

ወገኖቼ፥ መንደር እንዲህ ነው የሚሞተው። ጦር አልመጣባትም፥ እሳት አልበላትም። ውሃው ከእግሯ ሥር ተኝቶ ሳለ ልትሞት ነው።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ናትናኤል መጥቶ ከእታለም አጠገብ ተቀመጠ። ሁለቱም የከሸፉትን ጉድጓዶች አዩ። ከዚያ ልጁ እንዲህ አለ፦

«እማማ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባትዎ ስልሳ ክንድ ሲሉ፥ የማን ክንድ ነበር?»

«የማን ይሆናል፥ ልጄ? የራሳቸው ነዋ።»

«ቁመታቸው እንዴት ነበር?»

እታለም ወደ ቅጥሩ በር አመለከተችው። መምሬ አፈወርቅ ጥምጥማቸውን አድርገው ቀጥ ብለው የሚያልፉበት በር ነው። «አባቴ በዚያ በር ጎንበስ ብለው ነበር የሚገቡት» አለችው።

ልጁ ራሱን ያዘ። ከዚያ የተናገረውን ልብ አድርጋችሁ ስሙት። «ሜትር የማንም አይደለም፤ ስለዚህ ለሁሉም ይሆናል። እዚህም አንድ ነው፥ ባሕር ማዶም አንድ ነው። ክንድ ግን ባለቤት አለው። በአንድ ክንድ ሁለት ጣት ብንስት በስልሳ ክንድ የአንድ ክፍል ቤት ስፋት እንስታለን። የጉድጓዱ አፍ ደግሞ ከአንድ በር አይሰፋም። ባለቤቱ ከሞተ፥ እማማ፥ ልኩም አብሮት ተቀብሯል።»

አባትየው የለኩት አልጋ፥ የጠረቡት በር፥ የተከሉት ምሰሶ ተርፎ እንደሆነ ጠየቃት። ምንም አልተረፈም። ቤታቸውን ያው ጎርፍ ወስዶታል። ልጁ አዝኖ ተነሥቶ ሄደ።

እታለም ግን የአባቷ ልክ የት እንዳለ ታውቅ ነበር። ልጁ ገና ሲጠይቃት ዐውቃለች። ዐውቃ ዝም አለች።

ለምን ዝም አለች? ሕዝብ እየተጠማ፥ ቤተ ክርስቲያን ሊዘጋ፥ ሰው የሚያውቀውን ይደብቃል? አዎ፥ ይደብቃል። ቂም የያዘ ሰው ይደብቃል።

እታለም ሽመክት የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። በአንድ የፋሲካ ቀን፥ ሽመክት ቁመቱን ጨርሶ ሙሉ ጎረምሳ ሆኖ ሳለ፥ አባትየው ክንዳቸውን ከክንዱ ጋር አስጠግተው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ሲያስተያዩት ልክ በልክ ሆኖ አገኙት። «እነሆ፥ መርዕድ ሁለት ሆነ» ብለው ሲስቁ እታለም አጠገባቸው ቆማ ነበር። ልክ በልክ እንደ ነበረ በዓይኗ አይታለች።

ታዲያ ይህ ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማው ሄደ። አባትየው በክረምት ሲታመሙ ተላከበት። አልመጣም። ሲሞቱ ተላከበት። አልመጣም። የመጣው ከቀብር በኋላ፥ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው። እታለምም በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተነሥታ፥ «አንተ የእሳቸው ልጅ አይደለህም» አለችው። ሽመክትም ከድንኳኑ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድምና እህት ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

አሁን ታያላችሁ? የአባቷን ልክ የተሸከመው ሰው የአባትህ ልጅ አይደለህም ብላ ያባረረችው ሰው ነው። ወደ እሱ መሄድ ማለት ያንን ቃል መዋጥ ማለት ነው። ስንት ሰው አለ፥ ወገኖቼ፥ ቃሉን ከሚውጥ በጥም መሞትን የሚመርጥ?

እታለም ግን እግሩ የተሰበረውን ሰው ሚስት አሰበች። የመምሬን ቁልፍ አሰበች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በመንደሩና በከተማው መካከል ያለው ወንዝ ደርቆ ድንጋዩ አግጧል። በደረቅ እግሯ ተሻገረችው።

ሽመክት የሚሠራው ወፍጮ ቤት ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ የአንድ ሰው ጥላ አየች። ሰውየው ወደ ብርሃን ሊወጣ ሲል ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ፥ ጢሙ፥ ፀጉሩ ሁሉ በዱቄት ነጭ ሆኗል።

በእታለም ፊት የቆሙት አባቷ ነበሩ። ያ ቁመት፥ ያ ትከሻ፥ ያ ሽበት፥ ሰው ሲመጣበት አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያየው ያ አስተያየት። በገዛ እጇ አፈር ያለበሰቻቸው ሰው በቀትር ብርሃን ቆመው አዩዋት።

«እትዬ» አለ ሽመክት። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ክንድህን ፈልጌ መጣሁ።»

የመጣችበትን ሁሉ ነገረችው። የአባታቸውን ቃል፥ ሁለቱን ጉድጓዶች፥ የባለሙያውን ጥያቄ። እሱም ተናግራ እስክትጨርስ ቆሞ ሰማት። ከዚያ በዝግታ፥ «የእሳቸው ልጅ አይደለህም ብለሽኝ አልነበረም ወይ?» አላት።

«ብያለሁ» አለች።

ሽመክት ወደ ውስጥ ተመልሶ ከወፍጮው ባለቤት ጋር ተነጋገረ። ሲወጣ ዱቄቱን እንኳ አላራገፈም። መንገድ ጀመሩ። እሱ ከፊት፥ እሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ።

ከወንዙ ዳር ሲደርሱ አንድ የሾላ ዛፍ ሥር ቆመ። «እዚህ ነበር የቆምኩት» አላት።

«መቼ?»

«አባባ የተቀበሩ ዕለት። ወንዙ ከታመሙበት ጊዜ ጀምሮ ሞልቶ ዛፍ ይነቅል ነበር። ሦስት ጊዜ ገባሁ፥ ሦስት ጊዜ ሰዎች ጎትተው አወጡኝ። አስከሬኑን ተሸክማችሁ ስትወጡ ከዚህ ሆኜ አየሁ። ሙሾሽን ሰምቼዋለሁ፥ እትዬ። እያንዳንዱን ቃል። ከዚህ ማዶ ሆኜ ብቻዬን ተቀበልኩሽ።»

እታለም ዞራ አየች። ከሾላው ሥር ሆኖ የሥላሴ ቅጥር፥ የመቃብሩ ቦታ፥ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ያህል ቅርብ ነበር። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ይህን ያህል ዓመት! ለምን ዘገየህ ብላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችውም። ፈረደች እንጂ አልጠየቀችም።

በወንዙ ዳር በጉልበቷ ወደቀችና እግሩን ያዘች። ታላቅ እህቱ ናትና እንዲህ መሆኗ አስደነገጠው፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት ክንዱ አነሣት። የተባባሉትን እኔ አላውቅም፤ በመካከላቸው የነበረው እግዚአብሔር ያውቃል። መንደር ሲደርሱ ግን ጎን ለጎን ሆነው ነበር።

ቅዳሜ ጧት ነው። ከብቱን ለጉዞ ያሰባሰበው ሕዝብ ወሬውን ሰምቶ ወደ ቅጥሩ መጣ። ናትናኤል ከማዕዘኑ ድንጋይ እስከ ማሳው ጫፍ በንብ አምባ ትይዩ ሲባጎ ዘረጋ። ሽመክት ጋቢውን አውልቆ ተንበረከከ። ክርኑን ከድንጋዩ አስጠጋ፥ ጣቶቹን ዘረጋ። አንድ። ክርኑን ጣቱ ካረፈበት አኖረ። ሁለት።

መጀመሪያ ሕዝቡ ያጉረመርም ነበር። ሰውየው ሃያውን ሲያልፍ ማጉረምረሙ ቀረ። ሽማግሌዎቹ አቶ መርዕድን በቁማቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ያ ጀርባ ሲጎነበስ፥ ያ ክንድ ሲዘረጋ አዩት። አንዱ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሌላውም አወለቁ። የክርኑ ቆዳ በጠጠሩ ተልጦ ደም እያንጠባጠበ፥ በእታለም ጉድጓድ ጎን አለፈ፥ በሜትሩ ጉድጓድ ጎን አለፈ፥ ገና ቀጠለ። ስልሳ ሲል ቆመ። ናትናኤል ሜትሩን ዘርግቶ አየው። ከራሱ ችካል ሁለት ሜትር ከምናምን አልፏል። ልጁ በቀስታ፥ «እዚህ ቆፍሩ» አለ። የመጀመሪያውን ዶማም ያነሣው እሱ ራሱ ነው።

ቆፈሩ። በሌሎቹ ጉድጓዶች አለቱ የጮኸበት ጥልቀት ደረሰ። ድጅኖው ግን የጮኸው በሌላ ድምፅ ነው። ባዶ እንስራ ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? እንደዚያ ነው። አፈሩን በእጃቸው ጠረጉ። በሰው እጅ የተጠረበ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር።

በድጅኖ ፈንቅለው ገለጡት። ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ወጣ። በዚያ ሐሩር፥ በዚያ አቧራ መካከል፥ የረጠበ ድንጋይ ሽታ የሰው ሁሉ ፊት ላይ መጣ። እታለም ጠጠር አንሥታ ጣለች።

ዝም አለ ጉድጓዱ።

ከዚያ ከታች፥ ከጨለማው፥ ውሃው መለሰ።

እልል ያለ ሰው አልነበረም። ያላለቀሰም አልነበረም። መምሬ አፈወርቅ ጫማቸውን አውልቀው በማሳው መካከል ቆሙ። ሕዝቡ ተራ በተራ ጎንበስ እያለ ያንን ጨለማ አየ። ከሞቱ ዓመታት ያለፏቸው ሰው ክንዳቸውን ዘርግተው ውሃ ሰጥተዋቸዋልና! የመጀመሪያው ባልዲ ሲወጣ እታለም ቀድታ ወደ እግሩ የተሰበረው ሰው ቤት ወሰደችው። በዚያ እሑድ ከድንጋይ በር የወጣ ሰው የለም።

አሁን፥ ወገኖቼ፥ እኔ ሜትርን ልነቅፍ አልቆምኩም። መድኃኒት በእፍኝ ሰፍሮ የሚሰጥ ሐኪም ቤት አትሂዱ። በገበያም በረጅም ክንድ ገዝቶ በአጭር ክንድ ከሚሸጥ ነጋዴ እግዚአብሔር ይሰውራችሁ። የሁሉ የሆነ ልክ በረከት ነው፥ ለደሃና ለሀብታም እኩል ይፈርዳልና።

ነገር ግን የሰው ልክ በማንም መስፈሪያ የማይገኝበት ቦታ አለ። ልጁ «ባለቤቱ ከሞተ ልኩም አብሮት ተቀብሯል» ብሎ ነበር። እውነቱን ነው። ግን አባት ልጅ ወልዶ ከሆነስ? አባት ልኩን በልጁ ሥጋ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ይህ አያስደነግጣችሁም? እኔን ያስደነግጠኛል። የሞተ ክንድ በሕያው ክንድ ውስጥ ተዘርግቶ ከመሬት ውሃ ያወጣል!

ሥጋዊ አባት እንዲህ ከሆነ፥ ሰማዩን ያለ ገመድ የዘረጋው፥ የባሕርን ዳር ያለ ችካል የወሰነው አባትስ? እርሱ ልኩን የት አስቀመጠ? በወርቅ ላይ ነው? በተራራ ላይ ነው? በሰው ላይ አስቀመጠው እኮ! በመልኩ ፈጠረው። ኋላም ራሱ መጥቶ እንደ እኛ ያለ ክንድ ለበሰ፥ ያንንም ክንድ በዕንጨት ላይ ዘረጋው። ከዚያ ወዲህ የሰው ክንድ ተራ ነገር ነው ያለ ማን ነው?

እናንተ ዛሬ ለዝናብ ትጸልያላችሁ። ለትዳራችሁ፥ ለልጆቻችሁ፥ ለአገራችሁ ትጸልያላችሁ። ቆፍራችሁ ቆፍራችሁ አለት የገጠማችሁ ስንቶች ናችሁ? ምናልባት የምትሹት ልክ ያለው በአባረራችሁት ሰው ላይ ነው። የእናታችሁ ልጅ ነው። የአክስታችሁ ልጅ ነው። ከዚሁ ጉባኤ ማዶ፥ ከዚያ ዓምድ ጎን የቆመች፥ ሰላምታዋን ካልተቀበላችኋት ሦስተኛ ፋሲካ የሆናት ሴት ናት። ፈርዳችሁባታል። ግን ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? የዘገየችበትን፥ የቀረችበትን፥ ዝም ያለችበትን ምክንያት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ሰምታችኋታል?

ሂዱ። ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ሂዱና ጠይቁ።

እግዚአብሔር ልኩን በማን ላይ እንዳኖረ እናንተ አታውቁም፥ እኔም አላውቅም። ወደዚህ ቅዱስ ስፍራ ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን። ወደ ሰውም ስንቀርብ፥ ወገኖቼ፥ እንዲሁ እናውልቅ።